ከዳንቴሉ ሥር ያለው ቁጥር

ውድነህ በሃቫና ጎዳና ካለው ምግብ ቤት ፓርኪንግ ላይ ኮፈን ከፍቶ ወሬ ከጀመረ ምሳው ቀዝቅዞ ነው የሚበላው። ይህን ኮሎራዶ፣ አውሮራ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ኮሜርስ ሲቲ በሚገኝ አንድ የመለዋወጫ መጋዘን ሃያ ዓመት ያህል ለአሮጌ የአሜሪካ መኪኖች ዕቃ ሲያወጣና ሲያስገባ፣ የፋብሪካዎቹን ካታሎግ እንደ ዳዊት ደግሞታል። የትኛው ሞተር ከየትኛው ካምቢዮ ጋር ታዝዞ እንደወጣ፣ የትኛው ፓኬጅ የትኛውን ፍሬን ይዞ እንደመጣ ጠይቁት፤ የልጁን የልደት ቀን ለማስታወስ ግን ሚስቱን ይጠይቃል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶቹ ይከቡታል።

«ጋሽ ውድነህ፣ ሲክስቲ ናይን ካማሮ ልገዛ ነው። ዚ-28 ይሻላል ኤስኤስ?»

«ለምን ፈለግካት?» ይላል መጀመሪያ። ጥያቄን በጥያቄ መመለስ ይወዳል። «ኤስኤስ 396 ጉልበት ናት። ግሪን ሲበራ መሬቱን ነቅላ ትሄዳለች፤ ኩርባ ላይ ግን አፍንጫዋ ይከብዳታል። ዚ-28 ሞተሯ ትንሽ ናት፣ 302 ብቻ። ቀስ ብለህ ከነዳሃት ትተኛብሃለች፤ ስታስጮሃት ነው የምትነቃው። ኩርባ ደግሞ ነፍሷ ነው። ስለዚህ ተራራ የምትወጣ ከሆነ ዚ-28፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ከመብራት መብራት ሴት ልታስደንቅ ከሆነ ኤስኤስ።»

ሁሉም ይስቃሉ። እሱ ግን ጣቱን ያነሣል። «አንድ ነገር ልብ በል። ፋብሪካው ያኔ ለዚ-28 ኤሲ አልሰጣትም፣ አውቶማቲክ ማርሽም አልሰጣትም። ኤሲ ያላት ዚ-28 የሚሸጥልህ ሰው ካገኘህ፣ የእግዜር ሰላምታ ሰጥተህ እለፍ።»

ይህን ሁሉ የሚናገረው የራሱን መኪና ተደግፎ ነው። የ1968 ሼቬል ናት፤ ቀይ፣ ግንባሯ ላይ የኤስኤስ አርማ የተለጠፈባት። ኮፈኗ ሲከፈት 396 ሞተር ይታያል። ዳሽቦርዷ ላይ፣ በሾፌሩ በኩል ባለው ጥግ፣ ሚስቱ ጌጥነሽ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ተነጥፏል። ሴቶቹ ዳንቴሉን ባዩ ቁጥር «ባልሽ እንዴት ቢወድሽ ነው!» ይሏታል፤ ጌጥነሽም ደስ ይላታል።

እውነቱ ከዳንቴሉ ሥር ነው። በዚያ ዘመን ኤስኤስ ራሱን የቻለ ሞዴል ስለነበር የሻንሲ ቁጥሩ በ138 ይጀምራል። ተራዋ ማሊቡ ግን በ136 ትጀምራለች። ቁጥሩም በመስታወቱ በኩል ለአላፊ አግዳሚው ይታያል። የውድነህ መኪና ማሊቡ ናት። ሌክውድ ካለ ሰው ሲገዛት ገና ካታሎግ ማንበብ አልጀመረም ነበር፤ ሞተሩ በኋላ መቀየሩን፣ አርማውም በኋላ መለጠፉን ያወቀው በሦስተኛው ዓመት መጋዘን ውስጥ ምሳውን እየበላ ነው። ጉርሻው አንገቱ ላይ ቀረ። በዚያን ጊዜ ግን «የውድነህ ኤስኤስ» ከዴንቨር እስከ አውሮራ ስሟ ገኖ ነበር፤ ማን ደፍሮ ስም ያስቀይራል?

ከሁሉ የሚያናድደው፣ በሚቀጥለው ዓመት ፋብሪካው ኤስኤስን በትእዛዝ የሚጨመር ፓኬጅ አደረገውና ቁጥሩ ኤስኤስ መሆን አለመሆኑን መናገር አቆመ። «ምናለ አንድ ዓመት ዘግይተሽ ብትወለጂ!» ይላታል መኪናዋን፣ ብቻውን ሲሆን። የኮሎራዶ ፀሐይ ዳሽቦርዷን መሃል ለመሃል ስትሰነጥቀው ጌጥነሽ ዳንቴሉን ሠርታ ሰጠችው። እሱ ወደ ጥግ ገፋው። «የተሰነጠቀው እኮ መሃሉ ነው» ስትለው፣ «እዚህ ነው የሚያምረው» አላት። አሥር ዓመት ሙሉ እዚያው አምሯል።

በ2014 ግንቦት ሽማግሌ መጣበት። አንድ ልጁ ናዝራዊት፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው፣ ግሪን ቫሊ ራንች ቤት የገዛ ዮናታን የሚባል ኤሌክትሪሻን ወዳለች። ልጁ ጨዋ ነው፤ ባለፈው ክረምት የውድነህ መኪና በብርድ አልነሣ ስትል በኬብል አስነሥቶለታል። ያኔ የመጣው በሥራ ቫኑ ነበር። አሁን ሦስቱን ሽማግሌዎች ያመጣው ግን በብርቱካንማ የ1969 ካማሮ ነው፤ ነጭ ሸንተረር ያለባት፣ ፓራፋንጎዋ ላይ ዚ-28 የሚል አርማ የሚያበራባት።

ውድነህ በመጋረጃው ሥር አይቶ ልቡ ዘለለ። «አማች ማለት እንዲህ ነው!» አለ በሆዱ። እንደ ወጉ ሽማግሌዎቹን «ዘመድ ላማክርና በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ብሎ እስከ መኪናው ሸኛቸው። ዮናታን ሞተሩን አስነሥቶ ሲጠብቃቸው ስለነበር፣ በሩ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር ፊቱን መታው። ኤሲ! ጎንበስ ሲል ማርሹን አየ፤ አውቶማቲክ! ደስታው እንደ ፊኛ ተነፈሰ።

«ልጁ ውሸታም ነው፤ የመኪናው አርማ የውሸት ነው» ብሎ ቤት ገባ።

«አባዬ፣ አር ዩ ሲሪየስ? በባጅ?» አለች ናዝራዊት።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ዛሬ በብረት የዋሸ ነገ በትዳሩ ይዋሻል።»

«እሱ እኮ ኦነስት ነው! ከማውቀው ሰው ሁሉ በላይ!» ብላ እንባዋ መጣና ወጥታ ሄደች። ጌጥነሽም ሁለት ሳምንት ሙሉ ወጡን ስታቀርብለት ዝም ብላ አስቀምጣ ትሄዳለች። ውድነህ መኪናው ውስጥ ሲገባ ዓይኑን ከዳንቴሉ ያሸሻል። አርማ ለጥፎ የሚዞረውን ልጅ በኮነነ ቁጥር፣ ጥጉ ላይ ያለው ነጭ ነገር የሚስቅበት ይመስለዋል። ነገር ግን አንዴ ተናግሯል፤ «ጋሽ ውድነህ ተሳሳተ» ከመባል ደግሞ ሞቱን ይመርጣል። የናዝራዊት ደስታ በእሱ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በቀጠሮው እሑድ ሽማግሌዎቹ መጥተው እንደ ወጉ ቆሙ። ትልቁ አቶ ተክለሚካኤል ስለ ዮናታን ዘር ጀመሩ፤ አጥንቱን ቆጥረው አራተኛው አያት ላይ ሲደርሱ ውድነህ አቋረጣቸው።

«ይቅርታ ጋሽ ተክሌ፤ የልጁን ዘር አልጠላሁም። የጠላሁት የመኪናውን ነው። እሱ ራሱ ይግባና ልጠይቀው።»

«የመኪናውን ዘር?» አሉ ተክለሚካኤል ግራ ገብቷቸው። «እንዲህ ያለ ሽምግልና አይቼም አላውቅ። እሺ፣ ልጁን ጥሩት።»

ዮናታን ገብቶ እጅ ነሣ።

«መኪናህ ዚ-28 ናት?» አለ ውድነህ።

«አይደለችም ጋሼ። ስገዛት ናት ብለውኝ ነበር። በኋላ ሳውቅ ለማንሣት አፈርኩ።» እጁን ኪሱ ከቶ አርማውን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ዛሬ ጠዋት ነቀልኩት። ቀዳዳው ይታያል፤ ግን ይሁን።»

ናዝራዊት ከኩሽናው በር ላይ አባቷን ታያለች። ተክለሚካኤል በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና «እንግዲህ አቶ ውድነህ፣ ልጁ ተናዘዘ። ሌላ የቀረ ነገር ካለ ይባል፤ ጉልበቴ እንደሁ መቆም አቅቶታል» አሉ።

የቀረ ነገር አለ። ውድነህ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። «ኑ» አለና ወደ ውጭ ወጣ፤ ሽማግሌዎቹም፣ ጌጥነሽም፣ ናዝራዊትም ተከተሉት። ቀይዋ ሼቬል ደጅ ቆማለች። በሩን ከፍቶ እጁን ዳንቴሉ ላይ አሳረፈና ዮናታንን ጠራው።

«ና፣ ሳነሣው ቁጥሩን ጮክ ብለህ አንብብ።»

ዮናታን አልተንቀሳቀሰም። «ማንሣት አያስፈልግም ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «በ136 ነው የሚጀምረው።»

ውድነህ ወደ እሱ ዞረ። «በምን አወቅህ?»

«ክረምት ላይ ሳስነሣት ዳንቴሉ ወደቀ። አየሁት፤ መልሼ አነጠፍኩት።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።» አንገቱን ደፋ። «ለናዝራዊትም አልነገርኳትም። የእርስዎ ነገር ነው ብዬ።»

ይህ ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ውሸታም ሲባል የከሳሹን ጉድ ይዞ ዝም ብሏል። ውድነህ ይህ ገባው። ዳንቴሉን አነሣና ቁጥሩን ለፀሐይ ሰጠው።

«ማሊቡ ናት» አለ ለሁሉም። «አሥር ዓመት ኤስኤስ ናት እያልኩ የኖርኩት እኔ ነኝ። ልጄንም ሰጥቻለሁ።»

ናዝራዊት እልል ልትል አፏን ስትከፍት ጌጥነሽ ቀደመቻት። «ቆይ ቆይ! ዳንቴሌን መሸፈኛ ነበር ያደረግከው? እኔ በየፋሲካው እያጠብኩ የምተኩሰው... ወድደኸኝ መስሎኝ!»

«ወድጄሽም ነው» አለ ውድነህ።

«እሱን ወደፊት እናያለን» አለች፤ ሳቋ ግን አመለጣት። ተክለሚካኤል «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ አሁን እንቀመጥ እባካችሁ» ብለው ማንም ሳይጋብዛቸው ማሊቡዋ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ምርቃቱንም እዚያው ሆነው አወረዱት።

መስከረም ላይ ሙሽሪት በሼቬሏ ሄደች። የመኪናዋ ግንባር ላይ አርማው በነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳዎች አሉ። ከኋላ የዮናታን ካማሮ ተከተለ፤ እሱም ቀዳዳውን ይዞ። አዳራሹ በር ላይ አንድ ወጣት ወደ ውድነህ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ይቺ ናት ያቺ ኤስኤሷ?» አለው።

ዳንቴሉ አሁን ጌጥነሽ መጀመሪያ እንዳለችው ዳሽቦርዱ መሃል፣ ስንጥቁ ላይ ተነጥፏል። ውድነህ ወጣቱን በትከሻው ይዞ ወደ መስታወቱ ጥግ ወሰደው።

«ማሊቡ ናት» አለው። «ቁጥሩ ያውልህ፣ አንብበው።»