በጠመኔ የተሠራው ጸሎት ቤት

ኑሪት ሠርግ ተጠርታ ሙሽራዋን ትታ የጣሪያውን መገጣጠሚያ የምታይ ሴት ናት። ቤርሸባ ውስጥ በአንድ የሕንጻ ንድፍ ቢሮ ትሠራለች፤ ቤቱን ትነድፋለች፣ ሚፍራቱንም ትጽፋለች። ሚፍራት ማለት ወለሉ በምን እንደሚነጠፍ፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ ግድግዳው ምን እንደሚቀባ አንድ በአንድ የሚዘረዝር ጽሑፍ ነው። እዚያ ያልሰፈረ ነገር አይሠራም፤ ያልተጻፈለትን በደግነቱ የሠራ ተቋራጭ እስከ ዛሬ አልታየም።

ዘንድሮ ዕድሏ ቀና። ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር ለሚኖሩ የቤተ እስራኤል አዛውንት አዲስ ጸሎት ቤት ሊሠራ ሲወሰን ንድፉ ለእሷ ተሰጠ። አዛውንቱ ሠላሳ ዓመት ያህል የጸለዩት ሚክላት ውስጥ ነው፤ ሮኬት ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሚሸሸግበት ምድር ቤት። ኑሪትም ገና ሕፃን ሳለች በእናቷ በደመቀች ጀርባ ታዝላ በዚያ ደረጃ ወርዳለች። እናም ንድፉን ስትሠራ ነፍሷን ሰጥታ ነበር። በሩ ከመንገድ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ያስገባል፤ ወለሉም የነገብ በረሃን አሸዋ ይዞ የሚገባ ጫማ የማይጭረው ጠንካራ ድንጋይ ነው።

ሰኞ ዕለት ሥዕሉን አዛውንቱ ፊት ዘረጋችው። ቄስ ዘርዑ መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ ካዩት በኋላ፣ «እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ ልጄ» አሉ። እማማ ይሻሽ ደግሞ «እጅሽ ይባረክ» አሉ። ሌሎቹም በየተራ መረቁ። ኑሪት በደስታ እየበረረች እናቷ ቤት ደረሰች።

«ምን አሉሽ?» አለች ደመቀች።

«መረቁኝ! ሀኮል ቤሴዴር፣ ኢማ፤ ሁሉ ነገር ደህና ነው።»

«ስለ ምኑም አልተከራከሩሽም?»

«አንዲት ቃል አልወጣቸውም።»

ደመቀች የያዘችውን ድስት አስቀምጣ ሳቀች። «ወይ ልጄ! አልተስማማቸውማ። የወደዱት ቤት ቢሆን ‹ይሄ ምንድን ነው፣ ያ ለምን ጠበበ› እያሉ ይነዘንዙሽ ነበር። ደክመሽ የሠራሽውን ፊትሽ ላይ ‹አልወደድነውም› የሚል ሽማግሌ ጎንደርም አልነበረ፣ እዚህም የለም። ሆድ ይፍጀው ብለው መርቀው ሸኙሽ።»

ኑሪት ክው አለች። ንድፉና ሚፍራቱ እሑድ ለተቋራጩ ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ አርሙልኝ ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አዛውንቱ የማይሆናቸው ቤት ቢሠራላቸው ምን እንደሚያደርጉ ደግሞ አሳምራ ታውቃለች። ለምረቃው ነጭ ለብሰው ይመጣሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ በሚቀጥለው ሰንበት ወደ ሚክላታቸው ይወርዳሉ። ብትጠይቃቸውም ዋጋ የለውም፤ እንደገና ይመርቋታል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጠመኔና ሜትር ይዛ ወደ ሰፈሩ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሄደች። ጸሎት ቤቱን በእውነተኛ ልኩ አስፋልቱ ላይ ሣለችው፤ ግድግዳው ነጭ መስመር፣ በሩ ክፍተት። ከዚያ አዛውንቱን ጠራችና «ቤታችሁን ግቡና እዩት» አለቻቸው። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ዘበነ የሚባሉ ሽማግሌ መስመሩን ረግጠው በአቋራጭ ገቡ።

«አንተ ዘበነ!» ብለው ጮኹ እማማ ይሻሽ። «በግድግዳ ነው የምትገባው? ሌባ ነህ እንዴ?»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ዘበነ አፍረው ወጡና በበሩ በኩል ዞሩ።

ቄስ ዘርዑ ግን በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከዘራቸውን ለኑሪት ሰጧት፤ ትከሻዋን ተደገፉና ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። እማማ ይሻሽም አወለቁ። ዘበነ በአንድ እግራቸው ሲንገዳገዱ ሰው ደገፋቸው። ማንም ማንንም ሳያዝ ጫማው ሁሉ ከበሩ ውጭ፣ በሥዕሉ ላይ የእግረኛ መንገድ በሆነው ቦታ ተደረደረ።

«አባባ፣ ጫማዎን ለምን አወለቁ?» አለች ኑሪት።

«ጸሎት ቤት በጫማ ይገባል እንዴ? በአገራችን እንዲህ ነበር።»

«ሚክላት ውስጥ ግን ስታወልቁ አይቼ አላውቅም።»

«ሚክላቱ የሁሉም ነው፣ ልጄ። ሳይረን ሲጮህ ሰው በጫማው ይሮጥበታል። ተውነው እንጂ አልረሳነውም። ይሄን ግን ‹ቤታችሁ› አልሽን።»

ኑሪት እዚያው ቆማ አለቀሰች። ዕድሜዋን ሙሉ አብራቸው ኖራ ይህን አላወቀችም። አሁን ግን የሥዕሏ ጉድለት ሁሉ ታያት፤ ጫማ የሚቀመጥበት የለም፣ አረጋዊ የሚያርፍበት የለም፣ ድንጋዩም በብርድ ወራት ባዶ እግርን ያደነዝዛል።

ለአለቃዋ ለኤሊያቭ ደወለች። ከሚኖርባት ከጎረቤት ከተማ ከዖሜር መኪናውን እያበረረ መጣ። «ማ ፒትኦም፣ ኑሪት! ምን ነካሽ? እሑድ የሚሰጥ ንድፍ በሐሙስ ቀን ይቀየራል?» እያለ ሲወርድ የተደረደሩትን ጫማዎች አየና ድምፁ ቀነሰ። መስመሩን ሊያልፍ ሲል እማማ ይሻሽ በጣታቸው ጫማውን አመለከቱት። አወለቀ። ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብሏል፤ በዚያ ቀን ሽኩና ቫቭ ውስጥ እንደዚያ ጣት ያሳቀ ነገር አልነበረም።

«እሺ፣ አርሚው» አለ ጣቱን እየሸሸገ።

ኑሪት በበሩና በአዳራሹ መካከል የጫማ ክፍል አስገባች፤ መደርደሪያና አግዳሚ ወንበር ጨመረች። ከሚፍራቱ ላይ ድንጋዩን ሰርዛ የእንጨት ወለል ጻፈች። ዓርብ ጠዋት አዲሱን ሥዕል ይዛ ቄስ ዘርዑ ቤት ደረሰች። እማማ ይሻሽም ቀድመዋት ተቀምጠዋል።

ሁለቱ አዛውንት አጎንብሰው አዩት። ምርቃት አልመጣም።

«ይሄ ወንበር ከፍታው ምን ያህል ነው?» አሉ ቄስ ዘርዑ። ኑሪት በእጇ ከመሬት ለክታ አሳየቻቸው። «ዝቅ አለ እኮ! ጉልበቴን ልትጨርሺው ነው?»

«የሴቶቹ መደርደሪያስ የታለ?» አሉ እማማ ይሻሽ። «ጫማዬን ከዘበነ ጫማ ጋር? አይሆንም! መስኮቱንስ ማን ነው እዚህ ያደረገው?»

ኑሪት ደስታዋን መቆጣጠር አቃታት። እርሳሷን አውጥታ ወንበሩን ከፍ አደረገችው።

«እሺ፣ እማማ፣ እሺ» አለች እየሳቀች። «ሌላስ?»