የተቀባው ሻፍት

ሲይዙኝ እጄ ግራሶ በግራሶ ነበር። አብዮት ጠባቂዎቹ መኪናቸው እንዳይቆሽሽ በቡና ገለባ አስጠረጉኝና ወሰዱኝ። ጅማ ውስጥ የአንድ ቡና መቀሸሪያ መካኒክ ነበርኩ። በዚያ ጠዋት የአንደኛው ማሽን ሻፍት፣ ቺንጋው የሚያዞረው ክንድ የሚያህል ብረት፣ ለሁለት ተሰብሮ ሥራ ቆሟል። ብረት ያለ ጠላት እጅ እንደማይሰበር የደርጉ ካድሬ ገና ሳያየው ወስኖ ነበር።

የታሰርኩባት ክፍል የድሮ መጋዘን ናት፤ ግድግዳዋ አሁንም እንደ ደረቅ ያልተፈለፈለ ቡና ጀንፈል ጀንፈል ይሸታል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የሸቤ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ለዚያው ሻፍት ሽብልቅ ቀጥቅጠው የሰጡኝ እሳቸው ነበሩ። የታሰሩት በእኔ ምክንያት መሆኑን ስረዳ አፈርኩ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አጠፋን?» አሉኝ።

«እርስዎ ምንም አላጠፉም፣ አባባ። ብረቱ ደክሞ ነው።»

«ኤዬ፣ ብረትም ይደክማል። እነዚህ አያውቁም እንዴ?»

በሦስተኛው ቀን ካድሬው የሻፍቱን ግማሽ በጆንያ አስጠቅልሎ መጣ። የስብራቱን ፊት በሞረድ አስሞርዶ ቀይ ቀለም አስቀብቶታል። ለሕዝብ ስብሰባ ስለሚቀርብ ማማር አለበት አለን። እውነቱ ሁሉ ያለው እዚያ ፊት ላይ ነበር። ቀስ በቀስ በተሰነጠቀ ብረት ላይ አሮጌው ስብራት ይጠቁራል፣ አዲሱ ያብረቀርቃል፤ መጋዝ እንዲህ አይቆርጥም። ስድስት ወር ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ ሰው ማስረጃውን አሳምሮ አጠፋው። ንቀቴ ከፍርሃቴ የበለጠው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወረቀት አወጣ። ሽማግሌው ሻፍቱን በመጋዝ ሲቆርጡ አይቻለሁ ይላል። ከፈረምኩ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፣ እሳቸው ይረሸናሉ። ይህን የነገረኝ እሳቸው እዚያው ተቀምጠው እየሰሙ ነው።

ከሻፍቱ ጋር ለማስረጃ ካመጧቸው ዕቃዎች መካከል ከቡናው ጋር የሚገባውን ሚስማር የሚለቅመው የማሽኑ ማግኔት ነበር። ካድሬው የስለላ ዕቃ መስሎት አብሮ አስይዞታል። ለምኜ ተቀበልኩትና የሻፍቱ ጫፍ ላይ አጣበቅኩት። ከጆንያው ውስጥ እነሱ ራሳቸው ሲሞርዱ የረገፈውን የብረት ብናኝ በጣቴ ቆንጥሬ በተንኩበትና ብረቱን መታ መታ አደረግኩት። ከስብራቱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ብናኙ ተሰብስቦ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ሠራ።

«ይህ ሌላ ስንጥቅ ነው» አልኩ። «ማሽኑ ሲጫነው ይከፈታል፣ ሲቆም ይገጥማል፤ በዓይን አይታይም። የማግኔቱ ኃይል ግን ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ብናኙንም ይይዛል። ሁለተኛው ማሽን ከዚህ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ የእሱም ሻፍት ሳይሰነጠቅ አይቀርም። አቁሙት።»

ካድሬው መስመሩን በመሐረቡ ጠረገው። ደግሜ በተንኩ፤ እዚያው ቦታ ተመለሰ። እንደገና ጠረገ፣ እንደገና ተመለሰ። ሽማግሌው ሳቃቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ።

«ማግኔቱ የት አገር ሥራ ነው?»

«የምዕራብ ጀርመን።»

«እንግዲያው አይታመንም» አለና ይህንኑ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን ሰጠኝ።

ቤቴ ከዚያ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነበር። ብዕሩን ይዤ ስለ ቤቴ አሰብኩ፤ አልዋሽም። ከዚያ ፊርማ በሚለው ቦታ ላይ «ሁለተኛውን ማሽን አቁሙ» ብዬ ጻፍኩ። በጥፊ መታኝ።

«ምን ጻፍክ?» አሉኝ ሽማግሌው፣ ካድሬው ከወጣ በኋላ። ነገርኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «የሥራ ነገር ነው የጻፍከው።»

ማሽኑን አላቆሙትም። በአሥራ አንደኛው ቀን የእሱም ሻፍት ተሰበረና የአንድ ሠራተኛ ክንድ አደቀቀ። ሲሰበር ሁለታችንም ታስረን ስለነበር የሽማግሌው እጅ የለበትም ተብሎ ተለቀቁ። እኔ ግን እንደሚሰበር ቀድመህ እንዴት አወቅህ ተብዬ ሦስት ዓመት ቆየሁ። ማስረጃው ያው በእጄ የጻፍኩት ወረቀት ነበር።

ካድሬው ዛሬ አርጅቷል፤ ጅሬን ሰፈር ይኖራል። ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ አግኝቶኝ ዱላውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ቀኙን ዘረጋልኝ።

«ያለፈው አለፈ፤ ይቅር ተባባልን አይደል?» አለኝ።

«ቦሳ አዲስ ሰፈር ክንዱ የማይታጠፍ ሰው አለ። መጀመሪያ እሱን ጠይቅ» አልኩት።

ጥቂት አሰበ።

«ማን ነው እሱ?» አለኝ።