እግሬ ያደረበት ጓዳ

አባቴ ክላሪ ፔንሄል ብሮክን ሂል በምትባል በረሃማ ከተማ ማዕድን ማውጫ ውስጥ አናጺ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከምድር በታች የዋሻ ድጋፍ ሲያቆም ይውልና፣ ቤት ሲገባ ፊቱን ታጥቦ በቀጥታ ጓሮ ወደቆመችው አሮጌ ላንድክሩዘር ይሄዳል። የገዛት እኔ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ሰሞን ነው። «ለፋሲካ ኩፐር ወንዝ ዳር እናድራለን» አለን። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ግን አልተናገረም።

የጎረቤት ሰው መኪናው ላይ ፍራሽ ወርውሮ፣ ጀሪካን አስሮ ውልቅ ይላል። ለአባቴ እንዲህ ያለ ነገር አይዋጥለትም። ከባቡር ሐዲድ ሥር የወጣ፣ እንደ ብረት የሚከብድ አሮጌ እንጨት ለቃቅሞ፣ በመላጊያ ልጎ መሳቢያ ሠራ። አንዱን ሲጨርስ የሌላው እጀታ ለዓይኑ አላምር ብሎት ይፈታዋል። እሱና እናቴ መሬት ላይ ሊተኙ፣ ለእኔ መኪናዋ ውስጥ በአንዱ ጎን በርዝመቷ የተዘረጋ አልጋ ገጠመልኝ። ከእግርጌው፣ ከኋላው በር በኩል የሚከፈት ቁም ሣጥን አለ። «ጓዳ» ይለዋል። በመንገድ ላይ እንዳይንኳኳ ለሻይ ቅጠሉ፣ ለስኳሩ፣ ለዱቄቱ ቆርቆሮ ሁሉ ልክ በልካቸው ቦታ ፈልፍሎላቸዋል። በሕይወቱ እንደዚያ ጓዳ የኮራበት ሥራ አላየሁም።

አንድ ፋሲካ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ጎረቤታችን ኦሲ በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግጋል።

«ክላሪ፣ የኖኅን መርከብ ነው የምትሠራው? እዚህ አገር እኮ ዝናብ የለም!»

«አንተ ብቻ ውሃው ሲመጣ በሬን እንዳታንኳኳ!» ይለዋል አባቴ፣ ቀና ሳይል።

በሦስተኛው ዓመት እናቴ ሜርል ትዕግሥቷ አለቀ። ጓሮ ወጥታ መላጊያውን ከእጁ ተቀበለችው።

«ስማኝ ክላሪ፣ ልጅቷ አሥራ ሁለት ሞላት። ትንሽ ቆይታ ከኛ ጋር መታየት ታፍራለች። ያኔ ማንን ልታስተኛበት ነው?»

በዚያው ፋሲካ ተነሣን።

ሁለት ቀን አቧራ ስንቅም ሄደን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ኩፐር ደረስን። ወንዙ ዳር ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አቆመና፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ «ግሌኒስ፣ ነይ አልጋሽን ሞክሪው» አለኝ። ወጥቼ ተጋደምኩ። እግሬ ከጓዳው ግድግዳ ጋር ተጋጨና ጉልበቴ ታጠፈ።

አልጋውን የለካው በእኔ ላይ አልነበረም። በየልደቴ ቁመቴን በእርሳስ የሚያሠምርበት የመጋዘኑ መቃን አለ፤ ሥራውን ሲጀምር ልኩን ከዘጠኝ ዓመቴ መስመር ላይ ወሰደ። ከዚያ በላይ ያሉትን ሦስት መስመሮችም ያሠመረው ራሱ ነው። እያሠመረ አላያቸውም።

«ይመቻል አባዬ፤ እኔ ተጠቅልዬ ነው የምተኛው» አልኩት። ውሸቴን ነው።

እሱ ግን አልሰማኝም። አልጋውን አየ፣ የመጣንበትን መንገድ አየ። «ተመልሰን ላስተካክለው» አለ። ከተመለስን ሌላ ሦስት ዓመት እንደሚፈጅ አውቃለሁ።

እናቴ መጋዙን በልኩ ቦታ ከተሠራለት መሳቢያ አወጣችና ጓዳው ላይ አስቀመጠችው።

«ሜርል፣ ይሄ እንጨት እኮ...»

«እንጨት ነው» አለችው።

አባቴ መጋዙን አነሣ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «እግርሽን ዘርጊ» አለና፣ በዚህኛው ጊዜ በእኔው ላይ ለካ። ያንን የሚኮራበትን ጓዳ በአልጋው በኩል እግሬ እንዲያልፍ በሳው። ሲቆርጥ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የመጋዙ ብናኝ ነው አለ።

ያን ሌሊት እግሬ በሻይ ቅጠሉና በዱቄቱ መሃል አደረ። ጠዋት የኋላው በር ተከፈተና አንድ ሻካራ እጅ የእግሬን አውራ ጣት ቆነጠጠ።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ ስኳር መስሎኝ ነው!» አለ አባቴ።

ከዚያ ወዲያ በየፋሲካው ስኳር መስሎኝ ነው እያለ የእግሬን ጣት ሳይቆነጥጥ ቀርቶ አያውቅም። አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ጓደኛዬን ይዤ በመጣሁ ጊዜም አልተወኝም። ያን ቀን በኀፍረት ጮኽኩበት። ምነው ባልጮኽኩ እላለሁ ዛሬ።

አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። መኪናዋ ለእኔ ደረሰች። ልጄ «እማዬ፣ ይሄን የተበሳ ነገር አውጥቼ ቀለል ያለ ላሠራልሽ» ይለኛል። እሺ አላልኩትም።

ዘንድሮ ፋሲካን ብቻዬን ኩፐር ሄድኩ። ተጋድሜ እግሬን በቀዳዳው ሰደድኩት። ያው የሻይ ቅጠልና የአሮጌ እንጨት ሽታ ነው። ጠዋት ነቃሁ፤ ተነሥቼ ሻይ ማፍላት ያለብኝም እኔው ነኝ። ግን እግሬን ሳልሰበስብ፣ የኋላው በር ይከፈት እንደሆን ብዬ ትንሽ ጠበቅኩ።