«ምን ይባላል» እንዴት ስም ሆነ

በፋብሪካችን የሠራተኞች ክበብ ምግብ አብሳይ ነኝ። አብሳይ የምለው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ «አሳራሪው» ነው የምትለኝ። እውነቷን ነው። ወሬ ከጀመርኩ ምን እንደጣድኩ እረሳለሁ፤ አፌ ሲከፈት አፍንጫዬ ይዘጋል።

አንድ ቀን ከዕቃ አጣቢዋ ጋር ወሬ ስሰልቅ የቲማቲም ማባያው አረረ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «ከእንግዲህ አንዲት ድስት ብታሳርር መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ!» ብሎኛል። ሌላ ለመሥራት ጊዜ የለም። ስኳርና ኮምጣጤ ጨመርኩበትና የመጣው ይምጣ ብዬ አቀረብኩት።

ሥራ አስኪያጁ ቀመሰና አስጠራኝ። «ይሄ ምን ይባላል?»

አለቀልኝ! አንገቴን ደፍቼ «ምን ይባላል ጌታዬ!» አልኩት። የምለው ጠፍቶኝ ነው እንጂ ስም ማውጣቴ አልነበረም።

«ምን ይባላል! ግሩም ስም ነው፤» አለና ሳህኑን በዳቦ ጠረገው። «ሐሙስ እንግዶች አሉብኝ። ይሄንኑ ትሠራልኛለህ፤ እንዳታዋርደኝ።»

ጉዴ ፈላ። ዕድሜ ልኬን ሳልፈልግ ሳሳርር የኖርኩ ሰውዬ፣ አሳርር ስባል አቃተኝ! ድስቱ ላይ ካፈጠጥኩ አያርም፤ ዞር ካልኩ ከሰል ይሆናል። ረቡዕ ቤት ገብቼ፣ ከሥራ መባረሬ ነው ብዬ ለባለቤቴ ስነግራት እንባዬ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሳታወራ መቼ አሳርረህ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ነገ አብሬህ እመጣለሁ።»

ሐሙስ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «በል አውራ!»

ሁልጊዜ «እባክህ ዝም በል» የምትለኝ ሴት! ደስታዬን አልቻልኩትም። ስለ ጎረቤት፣ ስለ አክስቴ፣ ስለማላውቀው ሰው ሳይቀር ለቀቅኩት። መሃል ላይ አፍንጫዋን ቀሰረች። «አሁን አውርደው!»

«ቆይ እንጂ፣ ወሬውን ልጨርስ…»

«አውርድ ብዬሃለሁ!»

ስንቀምሰው ራሱ ሆኗል።

እንግዶቹ ድስቱን አሟጠጡት። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኛ መጥቶ «ባለሙያው ማን ነው?» አለ።

«እኔ አሳርራለሁ፣ እሷ ታስወርደኛለች፤» አልኩት።

እዚያው ባለቤቴን ዋና አብሳይ አድርጎ ቀጠራት። ከዚያ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «እሱንስ ምን ላድርገው?» ብሎ ጠየቃት።

«ይተዉት ጌታዬ፤» አለች። «ያለ እሱ አያርልኝም።»

እንዲህ ያለ የፍቅር ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።