የጣቢያዋ መኪና ጠዋት ጠዋት እምቢ ያለችበት ምክንያት

ውሸት ነው አላችሁ አይደል? በሉ! «አራተኛ ክፍል ወድቀህ የቀረህ ልጅ የፖሊስ መኪና በምን እጅህ ታስነሳለህ» ትሉኛላችሁ፣ ያውም እኔ በጋበዝኳችሁ ሻይ። አስነስቻለሁ። በካቴና ታስሬ ነው ያስነሳኋት ያልኩት ላይ ትንሽ ጨምሬያለሁ፤ ካቴናውን ፈተውልኝ ነበር። ሌላው እውነት ነው። እንዲያውም ያላወራሁላችሁ አለ።

የታሰርኩት በሁለት ጣት ነው። ሞላሌ፣ በገበያ ቀን፣ የቆመ መኪና እየገፋን ሹፌሩን «ሁለተኛ አስገባ!» ብዬ ሁለት ጣቴን አነሳሁለት። የምርጫው ግርግር ገና ያልበረደበት ሰሞን ነው፤ ሁለት ጣት የተቃዋሚ ምልክት ነው። ፖሊሱ አየኝ። «ማርሽ ነው» ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም። «ሦስተኛ ማርሽ ብዬው ኖሮ ትለቀኝ ነበር?» አልኩት። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ።

ጣቢያው ውስጥ የከተቱኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበረች። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ የአይጥና የሽንት ሽታ ነው። መስኮት የላትም። ከቆርቆሮው ሥር አንድ ቀዳዳ አለ፣ ብርዱ በሱ ይገባል። ዐሥራ አንድ ሰው ጉልበቱን አቅፎ ግድግዳውን ተደግፏል። የመንዝን የኅዳር ውርጭ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። እኔ በቲሸርት ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ የበግ ጠጉር ባናቸውን ገለጥ አድርገው፣ «ና ግባ፣ አንተ ጋራዥ። ዘይት ዘይት ትሸታለህ፣ ቢሆንም ና» አሉኝ።

ወደ ዘመሮ በኩል ያሉ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው ስብሰባ ተደርጓል ተብለው ነው የታሰሩት። «ተዝካር ነበር እኮ፣ ስብሰባ የሚያደርግ ሰው ጠላ እንዲያ ይጠጣል?» ይላሉ። ሦስት ሳምንት በዚያች ባና ሥር አብረን ተኛን። እኔ ስቀደድ እሳቸው «ቀጥል፣ ይቺ ጥሩ ውሸት ናት» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ሽንታቸው ተዘጋ። ጥግ ያለችው ባልዲ ላይ ይቆማሉ፣ እኛ ፊታችንን እናዞርላቸዋለን፣ ጠብ የሚል የለም። በማግስቱ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጠረ። ከሕመሙ ይልቅ ሰው ፊት መሆኑ ነው ያሳፈራቸው። «አባባ፣ ቧንቧ ነው እኮ፣ በፒንሳ እከፍትልዎታለሁ» አልኳቸው። ሳቁ። ሳቁ ራሱ አሟቸው አለቀሱ። ያቺን ቀልድ ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገርኳትም።

በሦስተኛው ቀን የጣቢያው አዛዥ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ይወሰዱ አለ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የጣቢያው ሹፌር፣ እሱም ፖሊስ ነው፣ መኪናዋን ቢሞክራት ቢሞክራት እምቢ። አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ናት። ሞተሪኖው ያቃስታል፣ ሞተሩ አይነሳም።

«ፀሐይ ካልመታት አትነሳም፤ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ናት። አራት ሰዓት ላይ ትነሳለች» አለ ሹፌሩ።

«በቃሬዛ እንሸከማቸዋለን!» ብለን ከውስጥ ጮህን። አዛዡ እስረኛ እስረኛን ተሸክሞ አይወጣም አለ። በሕዝብ መኪናም አይሆንም አለ።

በሩን ደበደብኩት። «እኔ አስነሳታለሁ! መካኒክ ነኝ!»

«የመካኒክ ረዳት ነህ» አለ አዛዡ ከፍቶ።

«መካኒኩ ነው እኔን የሚረዳው።»

«ካስነሳሃት ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ» አለኝ።

ኮፈኑን ከፈትኩ፣ የአየር ፊልትሮውን አነሳሁ። ካርቡሬተሩ አፍ ላይ ቾክ የምንላት ስስ ክዳን አለች። ሞተር ሲቀዘቅዝ በራሷ ትዘጋለች፣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሞተሩም በብርድ ይነሳል፤ ሲሞቅ በራሷ ትከፈታለች። ሙቀት ሲነካው ከሚላወሰው ጥምዝምዝ ሞላ ጋር የምታያይዛት አንዲት ቀጭን ዘንግ ናት። ዘንጓ የለችም። ክዳኗ እንዳትዘጋ በሽቦ ታስራለች። የሽቦው ጫፍ ሁለቴ ተጠምዝዞ፣ እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

እንዲህ የሚያስር ሰው አንድ ነው። እኔ ነኝ።

ከመታሰሬ በፊት በነበረው ዓመት ረዳት ሆኜ የምሠራበት ጋራዥ መጥታ ነበር። ጋራዥ ስላችሁ በቆርቆሮ የታጠረ ሜዳ ነው። ያመጣት ሌላ ሹፌር ነው፤ የፖሊስ ቀለምም አልተቀባችም ነበር። መካኒኩ ምሳ ሄዷል። ሰውየው «ቤንዚን ትጠጣለች» አለኝ። «ቾኩ ነው የሚጠጣው» ብዬ ዘንጓን ነቅዬ ወረወርኩ፣ ክዳኗን አሰርኩ። እኛ አገር ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። የቀን ፀሐይ ስለነበር ወዲያው ተነሳች፤ እጄን ኪሴ ከትቼ ተንጎራደድኩ። በማለዳ ውርጭ ምን እንደምትሆን ማን አሰበው።

አሁን ዘንግ መሥራት አለብኝ። ያሰርኩባት ሽቦ ትተጣጠፋለች፣ ዘንግ አትሆንም። ፖሊስ አስከትዬ ወደ ክፍላችን ሮጥኩና የባልዲዋን እጀታ ነቀልኩ። ሽማግሌው ተጋድመው አዩኝ። «እሷ ደግሞ ምን አደረገችህ?» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

እጀታውን በፒንሳ አጠፍኩት፣ አጠረ። አቃናሁት፣ እንደገና አጠፍኩት። ጣቴ በብርዱ አልታዘዝ አለኝ። ስገጥም ስነቅል ሦስት ሰዓት ሆነ። ክዳኗ ጠቅ ብላ ስትዘጋ ሹፌሩን «በላት» አልኩት። በሁለተኛው ተነሳች።

አዛዡ ሽቦዋን ከመሬት አንስቶ ሹፌሩ አፍንጫ ሥር ያዛት። «ሆን ብለህ ነው አይደል? ጠዋት ጠዋት እምቢ አለች የምትለኝ ለዚህ ነው?»

ሹፌሩ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔን ማንም አላየኝም። ዝም ብል ቤቴ ነኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑን?»

«ያሰርኳት። አምና። ያኔም መካኒክ ነኝ ብዬ ነው።»

ማንም አልሳቀም። አዛዡ አንድ ጥፊ አቀመሰኝና «መልሱት» አለ።

ከመመለሴ በፊት ሽማግሌውን በባናቸው ጠቅልለን ከኋላ አስተኛናቸው። ለአዛዡ ያልኩትን ሰምተውኛል። እጃቸውን ያዝኩ።

«ይሄኛውስ ውሸት ነው?» አሉኝ።

«አይደለም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ልቀቀኝ፣ አታስረፍደኝ» አሉ።

ለቀቅኳቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ ሹፌሩ በበሩ ስንጥቅ ነገረኝ። ሽማግሌው ሆስፒታል ደርሰው ነበር። ሐኪሙ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» ብሎታል። ሬሳቸውን ወደ ዘመሮ ያደረሰችው ያቺው መኪና ናት። እኔ የመንግሥት ንብረት አበላሽተሃል ተብዬ ሁለት ወር ተጨመረልኝ። በሁለቱ ወር ብዙ አላወራሁም፤ የክፍሉ ሰዎች አሞት ነው ብለው ሰጉ።

ዛሬ የራሴ ጋራዥ አለኝ፣ እሱም ያው በቆርቆሮ ነው። ሹፌሮች ይመጡና «ቾኩን ቁረጥልኝ፣ ቤንዚን ይጠጣል» ይሉኛል። «ይጠጣ» እላቸዋለሁ። ተሳድበው ሌላ ጋ ይሄዳሉ፣ ይቆርጡላቸዋል። ለእናንተም ሳወራ ሁልጊዜ «ተነሳች» የምትለው ላይ ነው የማቆመው።

አላመናችሁም? ሹፌሩ ፖሊስነቱን ትቶ ሚኒባስ ይነዳል፣ ሞላሌ መናኸሪያ አታጡትም። ሂዱና ጠይቁት። ማን አስነሳት አትበሉት፣ ማን አበላሻት በሉት። ስሜን ቢጠራላችሁ አልቀየመውም።