አንድ ዓይን ያለው ጀግና

እኔ የፈራሁት የሐውልቱን ራቁትነት ነበር። ስለዚህ ፎቶውን ያሳተምኩበትን ወረቀት ከወገቡ በታች አጥፌ፣ እጥፉን በጥፍሬ ደጋግሜ ተጭኜ ለአባቴ ሰጠኋቸው። ፎቶው የድሮ ግሪኮች በተረታቸው የሚያነሱት ጀግና ሐውልት ነው፤ ከነጭ እብነ በረድ የተቀረፀ፣ በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በሌላው ፀጉሯ እባብ የሆነ የክፉ ሴት ራስ የያዘ። አዲስ አበባ ያለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቅርፃ ቅርፅ እንድማር ተቀብሎኛል፤ ፎቶውን ያሳተምኩት የምማረውን አባቴ እንዲያዩት ነው። መኪናው ነገ ጠዋት ከአርብ ገበያ ይነሳል፤ አባቴ ካልመረቁኝ ግን አልሳፈርም። ቁጡ ነኝ፣ ያለ ምርቃት ከቤት የመውጣት ወኔ ግን የለኝም።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ይሄ ዓመፀኛ የማንን ራስ ነው የቆረጠው?»

«ኧረ አባዬ፣ ጀግናው እኮ እሱ ነው!»

«ጀግና? በአንድ ዓይን?» አማተቡ። «የታረደችው ሁለት ዓይን አላት፤ ሰማዕት ናት። ገዳይ እያሞገስሽ ልትኖሪ ነው?» እባቦቹን ሹሩባ አድርገው አይተዋቸዋል።

ክው አልኩ። እሳቸው ዘንድ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ከሐዲና ሰይጣን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ቀለም እየበጠበጥኩ ያደግኩት እኔ ይህን ረስቼ፣ አፍንጫው አምሮኝ የጎኑን አሳተምኩ! ራሴን በጥፊ ባጮል ደስ ባለኝ።

«እነሱ አገር በጎን መታየት ኃጢአት አይደለም!» ብዬ ጮህኩባቸው። ጮኼባቸው አላውቅም ነበር።

ወረቀቱን አስቀምጠው ተነሱ። «በይ ሻንጣሽን ፍቺ።»

በሩ ላይ ቆሜ መንገድ ዘጋሁባቸው። ስልኬን ከፈትኩ፤ የፊት ለፊቱም ፎቶ ነበረኝ። «አባዬ፣ እባክዎ፣ ይቺን ብቻ ይዩልኝ።»

ስልኩን አስጠግተው፣ አርቀው አዩት። «ሁለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። እፎይ ልል ስል፣ «ግን ብሌን የለውም» አሉ።

እውነትም ዓይኑ ባዶ ድንጋይ ነበር። ስንት ጊዜ አይቼው አላስተዋልኩም። አሁንስ አለቀልኝ ብዬ እንባዬ መጣ።

አባቴ ግን ተመልሰው ተቀመጡ። «ሠሪው ሳይጨርሰው ነው የተወው። ዓይን የሚያውቅ ሰው የላቸውም ማለት ነው።» ቀጭኑን ብሩሽ ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከሩና ወረቀቱ ላይ ባለችው አንዲት ዓይን ውስጥ ብሌን አስገቡባት።

«ሂጂና ዓይን የሚሠራው እንዲህ ነው በያቸው» አሉኝ። ቀለሙ እንዳይነካ ወረቀቱን አርቄ ይዤ ለምርቃት ተንበረከክሁ።