ጌዶ የሄደው ገጽ

ትምህርት ቤት እያለሁ «የአምቦ ውሃ አረፋው ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ ብጠይቅ፣ መምህሩ «ለፈተና አይመጣም፤ ቁጭ በል» አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ አቋረጥኩ።

በኋላ አምቦ መናኸሪያ በር ላይ ቆሎ ገዛሁ። መጠቅለያው የሳይንስ መጽሐፍ ገጽ ነው፤ እንደኔ ላለ ሰው ተብሎ በቀላል አማርኛ የተጻፈ። «ከመሬት የሚወጣ ውሃ አረፋ የሚኖረው» ይልና ገጹ ያልቃል! ቆሎዬን እያንጠባጠብኩ ወደ ሻጯ ሮጥኩ።

«አዴ፣ ቀጣዩ ገጽስ?»

«ጌዶ እየሄደልህ ነው። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ቆሎ ገዝቶኝ ሄደ፤ ሮጠህ ድረስበት!» ብላ ሳቀችብኝ።

መጽሐፉ ሳይቀደድ ጆንያዋ ላይ ተቀምጦ እያየሁት ስንቴ አልፌው ነበር። ምናለ አንድ ቀን እንኳን ገልጬው ቢሆን! ዛሬም ጠርሙስ ከፍቼ አረፋው ሲንፎለፎል፣ ያ ገጽ በየትኛው መስኮት እንደተወረወረ እያሰብኩ እበግናለሁ።